ከአማካዩ በፊት ነጥቦቹን

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል ፍል ውኃ አለ። ውኃው ከመሬት ሥር ሲግል ቆይቶ በድንገት ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፤ ጥቂት ደቂቃ ከፈነዳ በኋላ ጸጥ ይላል፤ ጎብኚውም የሚቀጥለውን ለማየት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዚህ ፍል ውኃ የ272 ፍንዳታዎች መዝገብ «አር» ከተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጋር አብሮ ይመጣል። መዝገቡ ያለው ሁለት ዓምድ ብቻ ነው። አንደኛው ፍንዳታው ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንደተጠበቀ ይናገራል።

ይህን መዝገብ ለስታቲስቲክስ ተማሪ ብንሰጠው መጀመሪያ የሚያደርገው አማካይ ማውጣት ነው። ለፍንዳታው ርዝመት 3.49 ደቂቃ፣ ለጥበቃው 70.9 ደቂቃ ያገኛል። ስሌቱ ምንም ስህተት የለበትም። ነገር ግን ከ272ቱ ፍንዳታዎች ውስጥ ከ2.5 እስከ 3.5 ደቂቃ የቆዩት ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ኦልድ ፌይዝፉል ወይ አጭር ይፈነዳል ወይ ረጅም፤ በአማካዩ ልክ የሚፈነዳው ከስንት አንዴ ነው። አማካዩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የፍል ውኃውን ዋና ጠባይ ሳያውቀው ቀረ ማለት ነው።

ስካተር ፕሎት ወይም የነጥብ ግራፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፍንዳታ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ በአግድሙ መስመር ላይ የሚያርፍበት ቦታ ፍንዳታው የቆየበትን ጊዜ፣ በቋሚው መስመር ላይ ያለው ከፍታ ደግሞ የተጠበቀውን ጊዜ ያሳያል። 272 ፍንዳታ፣ 272 ነጥብ። አንዱ ከሌላው ጋር አልተደመረም፤ አልተካፈለም። ከግራፍ ሁሉ ይህኛውን የማስቀድመውም ለዚህ ነው። የዓምድ ግራፍ እና የክብ ግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ቁጥሮቹ አንዴ ከተጠቃለሉ በኋላ ነው፤ በነጥብ ግራፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ልኬት በተለካበት ቦታው ይታያል።

በአር ይህን ለማሳየት «ፕሎት» ብሎ መጻፍ፣ ቅንፍ ከፍቶ የመዝገቡን ስም ማስገባት፣ ቅንፉን መዝጋት ብቻ ይበቃል። ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ካለው አር የመጀመሪያውን በአግድም፣ ሁለተኛውን በቋሚ አድርጎ ወዲያው ይሥለዋል። ዓምዶቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ጥንድ ጥንድ እያደረገ በትንንሽ ግራፎች ይደረድራቸዋል። ዓምዶቹን ራሳችን መምረጥ ስንፈልግ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ፤ ጀማሪ የሚደናገረውም እዚህ ነው። ሁለቱን ስሞች በኮማ ከለየናቸው ቀድሞ የሚጻፈው የአግድሙ ነው። በመካከላቸው ቲልዳ የተባለውን ጠመዝማዛ ምልክት ካስገባን ግን ቀድሞ የሚጻፈው የቋሚው ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ «ጥበቃው በፍንዳታው ርዝመት ይገለጻል ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነውና፣ ሠሪው የቱ በየቱ እንደሚገለጽ አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ግራፉ ሲወጣ ነጥቦቹ ሁለት ቦታ ተሰብስበው ይታያሉ። አንደኛው ስብስብ ከታች በስተግራ ነው፤ 2 ደቂቃ አካባቢ የቆዩ ፍንዳታዎች፣ 55 ደቂቃ አካባቢ ጥበቃ። ሌላውና የሚበዛው ከላይ በስተቀኝ ነው፤ ከ4 ደቂቃ በላይ የቆዩ ፍንዳታዎች፣ 80 ደቂቃ አካባቢ ጥበቃ። በመካከላቸው ያለው ቦታ ከጥቂት ነጥቦች በቀር ባዶ ነው። ምክንያቱ ከመሬት ሥር፣ ውኃው በሚጠራቀምበት ጓዳ ውስጥ ነው። አጭር ፍንዳታ ከጓዳው የሚያወጣው ውኃና ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ጓዳው ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይፈላል። ረጅም ፍንዳታ ግን ብዙውን ስለሚያወጣ እንደገና ለመሙላትና ለመጋል ጊዜ ይወስዳል። የፓርኩ ጠባቂዎች የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ለጎብኚዎች የሚናገሩትም ያለፈው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በመለካት ነው።

አር ላይ «ኤልኤም» የሚባለው ትእዛዝ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈውን ቀጥተኛ መስመር ያሰላል፤ «ኤቢላይን» የተባለው ደግሞ መስመሩን ግራፉ ላይ ያሰምረዋል። የዚህ መዝገብ መስመር «33.5 ሲደመር 10.7 ጊዜ የፍንዳታው ርዝመት» ነው። 2 ደቂቃ ከፈነዳ 55 ደቂቃ ገደማ፣ አራት ደቂቃ ተኩል ከፈነዳ 82 ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል ማለት ነው። የዝምድና መለኪያው፣ ኮሪሌሽን የሚባለው፣ 0.90 ነው። ትልቁ ሊሆን የሚችለው 1 በመሆኑ ይህ ከፍተኛ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሥራው አለቀ ይላል። ነጥቦቹን ልብ ብሎ ላየ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የላይኛውን ስብስብ ብቻ ለይተን ብንወስድ፣ ወይም የታችኛውን ብቻ፣ ዝምድናው ከ0.90 በብዙ ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን። ቁጥሩን ወደ ላይ የገፋው በአብዛኛው በሁለቱ ስብስቦች መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ከዚህ መዝገብ በእርግጠኝነት የምንማረው «ከአጭር በኋላ አጭር ጥበቃ፣ ከረጅም በኋላ ረጅም ጥበቃ» የሚለውን ነው። በአራት ደቂቃ እና በአራት ደቂቃ ከሩብ መካከል ላለው ልዩነት ያን ያህል እምነት መጣል አይገባም።

ስለዚሁ ፍል ውኃ ሌላ መዝገብም አለ፤ እኔን የበለጠ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ከአር ጋር በሚመጣው «ማስ» በተባለ ፓኬጅ ውስጥ «ጋይዘር» በሚል ስም ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ (ኦገስት) 1 እስከ 15 ቀን 1985 ሌት ተቀን የተመዘገቡ 299 ፍንዳታዎች አሉበት። እዚህ ግን ዓምዶቹ የተጣመሩት በሌላ መንገድ ነው። በየረድፉ የተጻፈው ጥበቃ ከፍንዳታው በኋላ የመጣው አይደለም፤ ከፍንዳታው በፊት የነበረው ነው። ይህን ሳያስተውል ዝም ብሎ «ፕሎት» ያለ ሰው ነጥቦቹ ሽቅብ መውጣታቸው ቀርቶ ቁልቁል ሲወርዱ ያያል። ከአጭር ጥበቃ በኋላ የሚመጣው ፍንዳታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ረጅም ነው፤ ከረጅም ጥበቃ በኋላ የሚመጣው ግን አጭርም ረጅምም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን መልክ መልሶ ለማግኘት አንዱን ዓምድ በአንድ ረድፍ ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ ከጥበቃው የመጀመሪያውን፣ ከርዝመቱ የመጨረሻውን ቁጥር ጥሎ ማጣመር ማለት ነው። አር ላይ ይህ በካሬ ቅንፍ ውስጥ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው፤ አንድ ረድፍ ተንሸራተው መጣመራቸው ግን የመስመሩን አቅጣጫ ገለበጠው። ግራፍ ከመሥራት በፊት የመዝገቡን ማብራሪያ ማንበብ የሚገባው ለዚህ ነው። አር ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀድሞ የመዝገቡን ስም መጻፍ ማብራሪያውን ይከፍታል።

በዚህ ሁለተኛ ግራፍ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይታያል። በ2 ደቂቃና በ4 ደቂቃ ላይ ነጥቦቹ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ሆነው ተደራርበው ቆመዋል። ተፈጥሮ እንዲህ አይሠራም። ማብራሪያው ምክንያቱን ይነግረናል፦ ሌሊት ላይ አንዳንዶቹ ፍንዳታዎች በትክክል አልተለኩም፤ «አጭር»፣ «መካከለኛ»፣ «ረጅም» ተብለው ብቻ ነው የተመዘገቡት። በኋላ መዝገቡ ወደ ቁጥር ሲቀየር 2፣ 3 እና 4 ደቂቃ ተባሉ። ግራፉ የፍል ውኃውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን መዝጋቢዎቹ በጨለማ እንዴት እንደሠሩም ያሳየናል። አማካዩም ሆነ ኮሪሌሽኑ ይህን ሊናገሩ አይችሉም።

የእኛ አገር ዳታ ላይ የሠራ ሰው እነዚህን ቀጥ ያሉ መስመሮች ያውቃቸዋል። በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራዎችና የጤና ጥናቶች ውስጥ ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ እንደሚከማች የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ደጋግመው የጻፉት ጉዳይ ነው። የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት ቦታ ዕድሜውን የተጠየቀ ሰው «ሠላሳ ይሆነኛል»፣ «አርባ አምስት ገደማ» ይላል። ዕድሜን በአግድሙ መስመር ላይ አድርገው የነጥብ ግራፍ ቢሠሩ ነጥቦቹ በ30፣ በ35፣ በ40 ላይ ረድፍ ሠርተው ይቆማሉ፤ በ31 እና በ39 ላይ ይሳሳሉ። ይህን አይቶ ያወቀ ተመራማሪ ዕድሜን በአንድ ዓመት ልዩነት ከመተንተን ይቆጠባል። ሳያይ ያለፈ ግን በሌለ ትክክለኛነት ይተማመናል።

ነጥቦች አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረቡ ሌላም ችግር ይመጣል፤ አንድ ነጥብ የሚመስለው ሃምሳ ሊሆን ይችላል። አር ለዚህ «ጂተር» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ እያንዳንዱን ነጥብ በዕጣ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ያነቃንቀዋል፤ የተደራረቡትም ተለያይተው ይታያሉ። ነጥቦቹ መነቃነቃቸውን ግን ከግራፉ ሥር መጻፍ ግድ ነው። ዳታው በጣም ሲበዛ የሚሻለው ነጥቦቹን ግልጽ፣ ብርሃን አሳላፊ ማድረግ ነው። «ጂጂፕሎት2» ከተባለው ፓኬጅ ጋር የሚመጣው የአልማዞች መዝገብ 53,940 ረድፍ አለው። ክብደትንና ዋጋን በጥቁር ነጥብ ቢሥሉት የሚያዩት አንድ ትልቅ ጥቁር ጠባሳ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ መቶኛ ብቻ እንዲጠቁር ቢደረግ ግን ብዙ ነጥብ ያለበት ይጠቁራል፤ ጥቂት ያለበት ይገረጣል፤ ያኔ አልማዞቹ በ1 ካራት፣ በአንድ ተኩል፣ በ2 ካራት ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። ከ1 ካራት በጥቂቱ ያነሱት ጥቂት ናቸው፤ ልክ 1 ካራትና ከዚያ ትንሽ ያለፉት ግን ብዙ። እዚህም የሰው እጅ ነው የሚታየው፤ ጠራቢው ድንጋዩን ሲቀርጽ ገዢው የሚፈልገውን ሙሉ ቁጥር ያስባል።

ስለ ቋንቋው ራሱ ጥቂት ልበል። አርን የጀመሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ። መነሻቸው ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቤል ላብስ ከ1976 ጀምሮ የሠሩት «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ነበር። የአር የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ የወጣው በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 29 ቀን 2000 ነው። ዋጋ የለውም፤ ማንም ያወርደዋል፤ ውስጡንም ከፍቶ ያያል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ በብዛት የሚሠራበት ኤስፒኤስኤስ እና ስታታ የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች ናቸው። የፈቃድ ዋጋ ለማይችል ተማሪ በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ክፍያ፣ ዓለም በሚሠራበት መሣሪያ መሥራት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ጥቅም አለ፤ ግራፉ በአይጥ ጠቅታ ሳይሆን በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሚሠራ፣ መምህሩ ወይም ገምጋሚው ትእዛዙን ወስዶ ያንኑ ግራፍ ራሱ ማውጣት ይችላል።

ጂጂፕሎት2ን የጻፈው ሌላው ኒውዚላንዳዊ ሃድሊ ዊክሃም ነው፤ የወጣው በ2007 ነው። ሐሳቡን ያገኘው ሌላንድ ዊልኪንሰን በ1999 ካሳተመው፣ ስለ ግራፎች ሰዋስው ከሚያስተምር መጽሐፍ ነው። በዚህ አሠራር ግራፍ በአንድ ትእዛዝ ተጨርሶ የሚወጣ ነገር መሆኑ ይቀራል። መጀመሪያ ዳታው ይጠራል፤ ቀጥሎ የቱ ዓምድ ወደ አግድም፣ የቱ ወደ ቋሚ፣ የቱ ወደ ቀለም እንደሚሄድ ይነገራል፤ ከዚያ በመደመር ምልክት ነጥቡ፣ መስመሩ፣ ርዕሱ እየተደራረበ ይጨመራል። ቀለምን ለአንድ ዓምድ መስጠት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ በፔንግዊኖች መዝገብ ላይ እንየው።

በአንታርክቲካ፣ በፓልመር ጣቢያ አቅራቢያ ባሉ ደሴቶች ላይ ከ2007 እስከ 2009 የተለኩ 344 ፔንግዊኖች መዝገብ አለ፤ ከ2025 ጀምሮ ከአር ጋር አብሮ ይመጣል። የምንቃራቸውን ርዝመት በአግድም፣ የምንቃራቸውን ውፍረት በቋሚ አድርገን ሁሉንም በአንድ ቀለም ብንሥል መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ምንቃሩ የረዘመ ፔንግዊን ምንቃሩ ቀጭን ነው የሚያሰኝ ነው። አሁን ለዝርያው ቀለም እንስጥ። አዴሊ፣ ቺንስትራፕ እና ጄንቱ የሚባሉት ሦስቱ ዝርያዎች ለየብቻ ተሰብስበው ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱም ስብስብ ውስጥ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። በአንድ ዝርያ ውስጥ ምንቃሩ የረዘመው ወፍራምም ነው። ቁልቁል ያወረደው ዝርያዎቹ መቀላቀላቸው ነው፤ ጄንቱዎች ረጅምና ቀጭን፣ አዴሊዎች አጭርና ወፍራም ምንቃር ስላላቸው። እንዲህ ዓይነቱ መገልበጥ በሕክምና ጥናትም በትምህርት ውጤት ትንተናም ያጋጥማል፤ ከባድ ሕሙማን የሚበዙበትን ሆስፒታልና ቀላል ሕሙማን የሚበዙበትን ሳይለዩ ማነጻጸር ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። ቀለም ሲመረጥ ታዲያ ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን አለማድረግ ይሻላል፤ የሁለቱ ልዩነት የማይታያቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ከቀለሙ ጋር የነጥቡን ቅርጽም መቀየር፣ ለአንዱ ክብ፣ ለሌላው ሦስት ማዕዘን መስጠት፣ ጥቁርና ነጭ ለሚያትም አንባቢም ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ግራፉ ላይ ጭራሽ ያልገባው ነጥብ ነው። ጥር (ጃንዋሪ) 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ የሮኬቱን ክፍሎች መጋጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርድ መድረቁ ነበር። በዋዜማው ምሽት መሐንዲሶቹ ብርዱን ፈርተው መነሳቷ እንዲዘገይ ተከራክረዋል። የተከራከሩት ግን በአብዛኛው ጉዳት የታየባቸውን የቀድሞ በረራዎች ይዘው ነበር። እነዚያ ሰባት ብቻ ናቸው፤ በአግድሙ ሲነሱ የነበረውን ሙቀት፣ በቋሚው የጉዳቱን ብዛት አድርገን ብንሥላቸው በብርድም በሙቀትም ጉዳት ያለ ይመስላል። አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ምንም ጉዳት ያልታየባቸውን በረራዎች ጨምሮ ግራፉን እንደገና ሠራው። ያኔ ሥዕሉ ተለወጠ። ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የተነሱት አራቱም በረራዎች ጉዳት ነበረባቸው፤ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከተነሱት 20 ውስጥ ግን ሦስቱ ብቻ። «ዜሮ» ተብለው የተተዉት ነጥቦች ነበሩ ዋናውን ነገር የሚናገሩት።

በዚሁ ላይ አንድ የአር ጠባይ መታወቅ አለበት። አር የመስመሮቹን ጫፍ የሚወስነው ባለው ዳታ ነው፤ ከትንሹና ከትልቁ ቁጥር አልፎ የሚጨምረው የክልሉን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከቻሌንጀር በፊት ከሁሉ በበለጠ ብርድ የተነሳው በረራ 12 ዲግሪ ገደማ ነበር። በዚያ ዳታ ዝም ብሎ የተሠራ ግራፍ 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል፤ በአደጋው ዕለት ጠዋት የነበረው 2 ዲግሪ ገደማ ከወረቀቱ ውጪ ይቀራል። «ኤክስሊም» በሚለው ትእዛዝ አግድሙን መስመር እስከ ዜሮ ብንዘረጋው ግን ውሳኔ የሚፈለግበት ሙቀት ከነጥቦቹ ሁሉ ምን ያህል እንደራቀ በዓይን ይታያል። ጥያቄው ያለበትን ቦታ ግራፉ ውስጥ ማስገባት የሠሪው ኃላፊነት ነው፤ አር አያውቅለትም።

ያልተለካ ነገርም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ የጎደለበትን ረድፍ ተራው «ፕሎት» ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። ጂጂፕሎት2 ግን ፔንግዊኖቹን ሲሥል ሁለት ረድፍ እንዳስወጣ በአንድ መስመር ያስጠነቅቃል። ብዙ ተማሪ ያን መስመር በቀይ ስላየው ብቻ ደንግጦ ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋ ትእዛዝ ይፈልጋል። የሚሻለው ረድፎቹን ማውጣትና ማየት ነው፤ «ኢዝ ኤንኤ» የሚለው ትእዛዝ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ገብቶ ያወጣቸዋል። አንዱ 4ኛው ረድፍ ላይ ያለ አዴሊ ነው፤ ሌላው 272ኛው ላይ ያለ ጄንቱ። የሁለቱም ዝርያ፣ ደሴትና ዓመት ተጽፏል፤ የምንቃር፣ የክንፍና የክብደት ልኬታቸው ግን የለም።